ዮናስ ሲናገር፣ ሀና ስትናገር

ከራሱ ገላ በላይ የሰው ገላ የሚያሳስበው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አለሁላችሁ።

እዚህ ሮማ ባለው እድራችን ጾታቸውን ለመቀየር ሕክምና የጀመሩ ሁለት አባላት አሉ። ድሮ ሁላችንም ዮናስን ሴት፣ ሀናን ወንድ ነበር የምንለው። አሎራ፣ እንግዲህ የሁለቱ ነገር በምን ይለያያል? በመርፌው? በቀዶ ጥገናው? በወረፋው? ሲከነክነኝ ከረመ፤ መጠየቁ ግን ነውር ሆነብኝ።

ባለፈው እሁድ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ተሰብስበን ለፋሲካ አዳራሽ ስንመርጥ ሀና፣ «ቲቡርቲና ጣቢያ አጠገብ ይሁን፤ ለባቡር ይመቻል» አለች።

«እስኪ ልጄ፣ ሻይ ቅጂልን» አሏት ሊቀመንበራችን ጋሽ ተክሌ።

ትንሽ ቆይቶ ዮናስ ያንኑ ደገመው።

«እንዲህ ነው እንጂ ወንድ ልጅ» አሉ ጋሽ ተክሌ። ተጨበጨበ።

ዮናስ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ሐሳቡ የሀና ነው። እኔም ሴት ትሉኝ በነበረ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ለፍልፌአለሁ።»

ሀና ሳቀች። «እኔን ደግሞ ያኔ ዝም ብል እንኳ አስተያየቴን ይጠይቁኝ ነበር» አለች።

ጋሽ ተክሌ ተቆጡ። «ቃለ ጉባኤው ይነበብ!»

ጸሐፊው እኔ ነኝ። ገልጬ ባየው፣ የዮናስ ሐሳብ ከነምክንያቱ ሰፍሯል። በሀና ስም የጻፍኩት ግን «ሻይ አቀረበች» የሚል ብቻ ነው።