የቆጠራ ሰዓቱ ምረቃ

የመንግሥት ሥራ ምን ያህል ረቂቅ ጥበብ እንደሚጠይቅ ማወቅ የሚሻ ሰው ባሪሻል ወደምትባለው የወደብ ከተማ ይውረድና፣ ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠራውን፣ ወንዝ ዳር ያለውን የላንች መነሻ ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ይጎብኝ። ላንች የሚባሉት ባለ ሦስት ፎቅ የመንገደኛ መርከቦች ያለዚህ ቢሮ ወረቀት ከወደቡ ንቅንቅ አይሉም። ቢሮው የሚያምር ደጃፍ፣ የሚያምር ማኅተምና ከማኅተሙም በላይ የሚያምሩ ዳይሬክተር ነበሩት። እንከኑ አንድ ብቻ ነበር፤ ሥራ ቶሎ ያልቅበታል።

የጥፋቱ ምንጭ ሙንታሲር የሚባል በኮንትራት የተቀጠረ ወጣት ነው። ይህ ልጅ የሚያስከትለውን ጣጣ ሳያስብ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራ። የመርከቡ ስም ይጻፋል፣ «ፈቃድ» የሚለው ይነካል፣ ቀጥሎ «አትም» የሚለው ይነካል፣ ወረቀቱ ይወጣል። ባለጉዳዩ ወንበሩን እንኳ ሳያሞቅ ይሄዳል። ዳይሬክተሩ አፍታብ ሳሂብ በመስኮት እያዩ ይተክዙ ነበር። ሰው የማይሰለፍበት ቢሮ፣ ቢሮ መሆኑ በምን ይታወቃል?

መፍትሔውን ዋና ከተማው ዳካ ለሥልጠና በሄዱ ጊዜ አገኙት። እዚያ ተናጋሪዎች እንዳያንዛዙ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ወደ ታች ይቆጥር ነበር። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አያስታውሱም፤ ቁጥሩ ግን ልባቸው ውስጥ ቀረ። እንደተመለሱ ሙንታሲርን አስጠሩት።

«ፕሮግራማችን ላይ የሚቆጥር ሰዓት ታስገባልኛለህ። ከአሥር ደቂቃ ወደ ዜሮ» አሉት።

«ሰር፣ ፈቃዱ እኮ ወዲያው ነው የሚወጣው። ምኑን እንቁጠርለት?»

«ስህተታችን እሱ ነው። ወዲያው የተሰጠውን ነገር ማን ያከብራል?»

ይህን ሲሉ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ያለች አንዲት ደብዳቤ ላይ ታክ ታክ ይል ነበር። የሙንታሲር የቋሚነት ደብዳቤ ናት፤ የሚጎድላት ፊርማ ብቻ ነው። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሙንታሲር የላንች ባለቤቱን የሐጂ ኖውሸርን ልጅ ረህኑማን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ሐጂው ግን ልጃቸውን ለቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ እንጂ ለኮንትራት እንደማይድሩ ቁርጡን ነግረውታል። ስለዚህ ሙንታሲር ሊቆጥር ሄደ።

ሰዓቱን የሚመራ ኮሚቴም ተቋቋመ። ቁጥሩ ወደ ታች መውረዱ የመንግሥትን ማሽቆልቆል እንዳያስመስል ከፍተኛ ሥጋት ያደረባቸው አባላት ነበሩ። ከብዙ ሻይና ሲንጋራ ከሚባል ብዙ ሳምቡሳ በኋላ፣ ቁጥሩ ይውረድ፣ የሚታይበት ሰሌዳ ግን ከፍ ብሎ ይሰቀል ተባለና በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ሙንታሲር መጀመሪያ የሠራው ጀማሪ ሁሉ የሚሠራውን ነው። ማሽኑን «አንድ ቀንስ፣ አንድ ሰከንድ ጠብቅ፣ እንደገና ቀንስ» አለው። ማሽን ደግሞ የተባለውን የሚያደርግ ፍጡር ስለሆነ ከልቡ ጠበቀ። ወጡ እንዳያርርባት ድስቷ ላይ አፍጥጣ ቤቷ ሲቃጠል የማታይ ሴት ሆነ። ቆጠራው እስኪያልቅ የትኛውንም ቁልፍ ቢነኩት ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሙንታሲር አፈረና አስተካከለው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ማሽኑ ሥራውን ይሥራ፣ በየሰከንዱ ብቻ ተቀስቅሶ ቁጥሩን ይቀይር። ደስ ብሎት አፍታብ ሳሂብን ጠርቶ አሳያቸው። «ፈቃድ» ሲነካ ሰዓቱ አንድ ሰከንድ ቆጠረ፣ ፈቃዱ ተዘጋጀ፣ ሰዓቱም ቆመ።

«ተበላሸ» አሉ አፍታብ ሳሂብ።

«ኧረ ሥራው አልቆ ነው፣ ሰር።»

«እንዴት ያልቃል? በቀረው ጊዜ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ በቢሮው ታሪክ መልስ የሰጠ ሰው ስለሌለ፣ ሙንታሲር የጣለው የመጀመሪያው ሥራው እስከ ዜሮ ይቆጥር እንደነበር ብቻ ነገራቸው። አፍታብ ሳሂብም እሱን ካላየሁ ብለው አስከፈቱት። ቁጥሩ በእርጋታ ሲወርድ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ደርቆ ሲቆም አፍታብ ሳሂብ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሰውም አይተው አያውቁም ነበር። ሙንታሲር ስሕተቱን ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ጣታቸው ደረት ኪሳቸው የከተቷትን ደብዳቤ ታክ አደረገ፤ አፉን ዘጋ።

ለምረቃው ከዳካ የክብር እንግዳ መጡ፤ ማዕረጋቸው ተጨማሪ ጸሐፊ ነው፤ በአገሩ ከትልልቆቹ ባለሥልጣናት አንዱ ማለት ነው። የሚመለሱት በዚያው ዕለት ማምሻ በሐጂ ኖውሸር ላንች ነበር። ላንቹ እስከ ጣሪያው መንገደኛ፣ እስከ አፍንጫው በበረዶ የታሸገ ኢሊሽ ዓሣ ጭኖ የቀረው ፈቃዱ ብቻ ነው። ሐጂውም የወንዙን ውሃ በዓይናቸው እየለኩ አዳራሹ በር ላይ ቆመዋል፤ ውሃው ሲሸሽ ያልወጣ መርከብ ጭቃ ላይ ይቀራል።

አፍታብ ሳሂብ ከዛሬ ጀምሮ ጊዜ ራሱ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን በንግግራቸው አበሠሩ። ኮምፒውተሩ ላይ የታሰረው ጥብጣብ ተቆረጠ፤ የሐጂው ላንች ስም ተጻፈ፤ «ፈቃድ» ተነካ፤ ቆጠራው ጀመረ። ጭብጨባው ቀለጠ። ነገር ግን ጭብጨባ እንኳ አሥር ደቂቃ አይቆይም። እጅ ሲደክም አዳራሹ ጭር አለ። አፍታብ ሳሂብ እንግዳውን እንዳይሰለቻቸው ብለው «ፈቃድ»ን ደግመው ነኩት። ምንም የለም። እንግዳው ተገርመው እሳቸውም ሞከሩ። ከዚያ ምክትሉ፣ ከዚያ የኮሚቴው አባላት፣ ማዕረግ ያለው ሁሉ በየተራው ነካ ነካ አደረገ። ማሽኑ ያልሰማ መሰለ እንጂ የእያንዳንዳቸውን ትእዛዝ ተራ አስይዞ አስቀምጦ ነበር።

ዜሮ ደረሰ። እልል ተባለ። «አትም» የሚለውን ለመንካት እጅ ሲዘረጋ፣ ሰዓቱ ከአሥር ደቂቃ እንደገና ጀመረ።

«ይሄኛው ምንድነው?» አሉ እንግዳው።

አፍታብ ሳሂብ ላብ አጠመቃቸው፤ ሥልጣን ግን በጭንቅ ጊዜ ጥበብ ይሰጣል። «ክቡርነትዎ የነኩት ነው። ማንም የነካው ለየብቻው ይቆጠራል» አሉ፤ በሕይወታቸው እውነት የተናገሩበት ብርቅ ቀን ነበር። እንግዳው ለእሳቸው ብቻ እየተቆጠረ መሆኑን ሲሰሙ ኮታቸውን ቆለፉ።

ከሁለተኛው ቆጠራ በኋላ ሦስተኛው ሲጀምር ሐጂ ኖውሸር የሙንታሲርን እጅጌ ያዙ።

«ልጄ፣ ውሃው እየሸሸ ነው። ይሄ ነገር አይጠፋም?»

«ይጠፋል፣ ቻቻ» አለ፤ አጎቴ እንደማለት ነው። «ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው፤ የተሰለፈው ሁሉ ይሰረዝና ፈቃዱ በአንድ ቆጠራ ይወጣል።»

«ታዲያ ንቀለዋ።»

ሙንታሲር ሶኬቱን አየ፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ከአፍታብ ሳሂብ ደረት ኪስ ብቅ ያለችውን ደብዳቤም አየ። ፊቱ በሐፍረት ጋለ።

«ምረቃ ላይ ነን እኮ፣ ቻቻ» አለ።

ሐጂው እጅጌውን ለቀቁ።

ማዕረግ ያለው ሁሉ ተቆጥሮለት ሲያበቃ ፈቃዱ በክብር ታተመ። ላንቹ በዚያን ሰዓት ጭቃ ላይ ተቀምጦ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር። መንገደኛው የሐጂውን ዘር ማንዘር ይረግማል፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ኢሊሹ ይሸታል። የክብር እንግዳው እዚያው አድረው ከዓሣው ገና ካልሸተተው ተጠብሶላቸው በሉ። ጠዋት ላይም እንዲህ ያለ የጊዜ አክብሮት በአገልግሎት ዘመናቸው አይተው እንደማያውቁ አስታውቀው፣ ሰዓቱ በወደቦች ሁሉ እንዲገባ አዘዙ። አፍታብ ሳሂብ በዕድገት ወደ ዳካ ተዛወሩ። ከመሄዳቸው በፊት ደብዳቤዋን ፈረሙ።

ሙንታሲር ደብዳቤውን በኪሱ፣ አንድ ሣጥን ሮሾጎላ የተባለ ጣፋጭ በእጁ ይዞ ወደ ሐጂው ቤት በረረ። በሩ ቶሎ አልተከፈተለትም፤ ደጋግሞ አንኳኳ። በመጨረሻ ሐጂ ኖውሸር ራሳቸው ከፍተው በወግ አስገቡት፤ ሻይ አስቀረቡለት፤ ደብዳቤውን መነጽር አድርገው እስከ ማኅተሙ አነበቡ።

«ቋሚ ነህ። ያልኩትን አላጥፍም፤ መልሴም ዝግጁ ነው። ግን በመሥሪያ ቤትህ ደንብ እንሂድ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ» አሉት።

ሙንታሲር ልቡ ቅቤ ጠጣ። ከውስጠኛው ክፍል የረህኑማ ሳቅ ተሰማው፤ ሲያስበው የአማች ቀልድ ነው፣ ደግ ምልክት ነው ብሎ ሻዩን ጠጣ፣ ጣሪያውን አየ፣ ጉልበቱን አሻሸ። ጊዜው ሲሞላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቻቻ፣ አሥሩ ደቂቃ አለቀ።»

«በሬን ስንት ጊዜ አንኳኳህ?»

«አራት ጊዜ።»

«እንግዲያው ሦስት ቆጠራ ይቀርሃል» አሉና ሐጂ ኖውሸር ጋዜጣቸውን ገለጡ።