ባለ ችካሉ ኃጢአተኛ

ሥዕል ላይ ራሱን የማይፈልግ ሰው የለም። የሠርግ ፎቶ ሲያሳዩን እንኳ ሙሽራዋን ትተን እኛ የት እንደቆምን ነው የምናየው። የጥንት የጣሊያን ሰዓሊዎችም የካቴድራሉን ግድግዳ በቅዱሳን ከሞሉ በኋላ ጥግ ላይ የራሳቸውን ፊት ሸጎጥ ያደርጉ ነበር ይባላል። እኔ ጣሊያንን አላየሁም። ከተማችን ሆሳዕና ላይ ግን ጋሽ ኤርጊቾ አለልኝ።

ጋሽ ኤርጊቾ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሱቄ ቀለም የሚገዛ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ የአንዱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስል ስለኖረ፣ ሥዕሉን ዞሮ ያየ የሰውዬውን ዕድሜም አብሮ ይዞራል። መልአኩ የሚስቱን ዓይኖች ይዟል፤ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። አብርሃም ሟቹ አባቱ ናቸው፣ የወለቀው ጥርሳቸው ሳይቀር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስም የሰፈራችን የጋሪ ፈረስ ነው፤ ብቻ ጋሽ ኤርጊቾ፣ እግዜር ይስጠው፣ አጥግቦታል። እንዲህ ያለ እጅ በከተማችን መኖሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የቀረው የፍርድ ቀን ግድግዳ ነበር። እንደምታውቁት በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ኃጢአተኛ ግን በጎን ይሳልና አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ ጋሽ ኤርጊቾ ግድግዳውን በጨርቅ ጋርዶ መሰላል ላይ ሲወጣ ከተማው በሙሉ ጨዋ ሆነ። የተቀየሙት ሁሉ ሰላምታ አበዙለት። ታላቅ ወንድሙ አቶ ላምቤቦ ብቻ አልመጡም። ሁለቱ በአባታቸው የእንሰት ማሳ ድንበር ተጣልተው ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። አቶ ላምቤቦ ሞርሲቶ የሚኖሩ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ሥዕል ምናቸውም አይደለም። ሆኖም ለገበያ በመጡ ቁጥር ሱቄ ጎራ ይሉና፣ ስለ ዝናቡም ስለ ልጆቹም አውርተን ስናበቃ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስንት ዓይን ሰጠኝ ይሉኛል።

ጨርቁ የተነሳ ዕለት ሄጄ አየሁ። አቶ ላምቤቦ ከጻድቃኑ መካከል በሁለት ዓይናቸው ቆመዋል። ከኃጢአተኞቹ ፊት ደግሞ የድንበር ችካል ተሸክሞ፣ ባለ አንድ ዓይን ሆኖ የሚሄደው ራሱ ጋሽ ኤርጊቾ ነው። ወጥቼ ለአቶ ላምቤቦ ደወልኩ።

በማግስቱ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የራሳቸውን ሥዕል ዞረውም አላዩት፤ የወንድማቸው ሥዕል ፊት ብዙ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ድንበሩን የገፋሁት እኔ ነኝ» አለ መሰላሉ ሥር የቆመው ጋሽ ኤርጊቾ አንገቱን ደፍቶ።

«ሌላኛውን ዓይኑን ሳልለት» አሉ አቶ ላምቤቦ።

«በጎን ነው የተሳለው። ፊቱን ካላዞርኩት አይሆንም።»

«አዙረዋ።»

አሁን በፍርድ ቀን ግድግዳ ላይ፣ ከኃጢአተኞቹ መካከል፣ ችካሉን እንደተሸከመ በሁለት ዓይኑ ትክ ብሎ የሚያየን አንድ ሰው አለ። ካህናቱ ከሥርዓት ውጭ ነው ብለው አጉረመረሙ። አጥፋው ያለ ግን የለም።