ከማንጎው ሥር የሚንጠባጠበው ዘይት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ተረቱ። ይህን የተናገሩት አባት ጥበበኛ እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ ብቻ አሮጌ ሞተር ሳይክል አልነበራቸውም። ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዘይት የሚሾልከው ከላይ ነው፣ በነፋስ ተገፍቶ በሞተሩ ጎን ይንሸራተትና ጠብ የሚለው ከታች። ከታች ያለው ምስኪን ብሎን ታዲያ በሌላው ጥፋት ሲወቀስ ይኖራል። መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ለጊዜው እሱን እንተወው።

የእኛዋ ሞተር ሳይክል የአባቴ ነበረች። አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለነበር ምዕራብ ዓባያ ድረስ ሄዶባት አምሽቶ ይመለስና ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ያቆማታል። ጠዋት እማዬ በቆርቆሮ አሸዋ ይዛ ትወጣለች፣ የተንጠባጠበው ዘይት ላይ ትበትናለች፣ ትቆጣለች። «ግቢዬን አጠቆርከው! አሠራት!» እሱም «እሺ» ይላል። እሺ ማለት ለአባቴ ቀላል ነበር። ወደ ጌታ ሲሄድ ሞተር ሳይክሏ ለእኔ ደረሰችኝ፤ አሸዋውና ቁጣውም አብረው ደረሱኝ።

ባጃጅ የገበያ ሰፈራችንን ሲቀላን ማጥለቅለቅ በጀመረበት ሰሞን እማዬ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ወይ አሠራት፣ ወይ ሽጣት። ጠብታ ማየት ሰለቸኝ።»

መሸጥ እንዴት ይሆንልኛል? የመሪዋን ላስቲክ የአባቴ መዳፍ ሸርሽሮታል፤ ስይዘው እጁን የጨበጥኩ ይመስለኛል። አባቴ ይናፍቀኛል፣ ምን ልደብቃችሁ።

አስተማሪ ነኝ፤ የማይቸግረኝ ነገር ቢኖር ጠመኔ ነው። ሞተሩን በቤንዚን አጥቤ፣ አድርቄ፣ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስኩበት። ነጭ ላይ ዘይት መንገዱን አይደብቅም። ከዚያ እንዲግል ብዬ በማለዳ ወደ ጫሞ ነዳሁ። ሐይቁ ላይ ስስ ጉም ተኝቷል፣ የዓሣ አጥማጆቹ ድምፅ ከሐይቁ ይምጣ ከእንቅልፌ አልለየልኝም። አባቴ ከኋላዬ ተፈናጦ «ቀስ በል» ያለኝ መሰለኝ። ቀስ አልኩ። ዓሣ ማውረጃው ጋ ቆሜ ዝቅ ብዬ ሳይ፣ አንዲት ጥቁር መስመር ከሞተሩ የላይ ክዳን ተነሥታ ቁልቁል ወርዳለች። የታችኛው ብሎን ንጹሕ! አባትና ልጅ ስንት ዘመን እሱን ስናጠብቅ ኖርን።

ከሲቀላ ለክዳኑ አዲስ ማሸጊያ ገዝቼ ቀየርኩላት። በማግሥቱ እማዬ አሸዋዋን ይዛ ወጣች። መሬቱ ደረቅ ነው። እኔ ምስጋና ስጠብቅ፣ እሷ ማንጎው ሥር ቆርቆሮዋን እንደያዘች ቆየችና ከነአሸዋዋ ተመልሳ ገባች። ሰሞኑን ሁሉ እንዲሁ ሆነች፤ ትወጣለች፣ ትቆማለች፣ ትገባለች። ቤታችን ጭር አለ።

«እማዬ፣ አሠራት ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«አባትህንም አሠራት ስለው ነው የኖርኩት። ያሠራታል ብዬ ነው እንዴ?» ወደ ማንጎው አየች። «ያኔ ማታ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር፣ ሲገባ አልሰማውም። ጠዋት ዘይቱን ሳይ ነው በሰላም መግባቱን የማውቀው። ከሄደም በኋላ እሱን ስቆጣ ነበር እኮ፣ ልጄ። አሁን ማንን ልቆጣ?»

ደግነቱ አሮጌውን ማሸጊያ አልጣልኩትም ነበር። የዚያን ዕለት ከሰዓት ክዳኑን ፈትቼ በአዲሱ ፈንታ መለስኩት።

ጠዋት እማዬ አሸዋዋን ይዛ ወጣች፣ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይኸው! ደግሞ ጀመረ ይሄ ሰውዬ!»

እንዲያ ደስ ብሎት የሚቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም።