አንደኛ ደረጃ ጭቃ

የሰው ልጅ ተራሮችን በመውጣት ስላስመዘገበው ድል ብዙ ተብሏል። ይሁን እንጂ ተራራ መውጣት እግር ላለው ፍጡር ሁሉ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ፍየልም ትወጣለች። የወጡትን ተራራ በወጉ፣ በዝርዝርና ከተገቢው ስሜት ጋር ለሌላው ማካፈል ግን የተመረጡ ሰዎች ሥራ ነው። እነዚህ የተመረጡ ሰዎች አሥራ አራት ሲሆኑ፣ ሰኞ ሰኞ ከሥራ መልስ በጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ፣ በሽተኞች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። እኔ ጸሐፊያቸው ነበርኩ።

ስማችን የተራራ ብስክሌተኞች ማኅበር ነው። ሰብሳቢያችን ራሳቸው ጥርስ ሐኪሙ ናቸው። ክፍሉ አሥራ አምስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ የውሃ ማቀዝቀዣና የተቦረቦረ መንጋጋ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለው። ቀን ቀን ሰዎች አፋቸውን በግድ የሚከፍቱበት ቤት ነው። ሰኞ ማታ እኛ በፈቃዳችን እንከፍታለን፤ የሚያስቸግረው መዝጋቱ ነው።

ከከተማው ጀርባ ያለው ተራራ ደን የለበሰ ነው። የደን ጽሕፈት ቤቱ በሩ ላይ ዘበኛ አቁሞ ለዓመታት ሰው እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ማኅበራችን ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት ግን የአባልነት ካርድ የያዘ ብስክሌተኛ ብቻ እንዲገባ ተፈቀደ። ካርድ የሌለው ከበሩ ይመለሳል። ይህ ታሪካዊ ፈቃድ የተገኘ ዕለት ተቃቅፈን ጨፈርን። ከዚያም ስለ ድሉ ለመወያየት ክሊኒኩ ገባን፤ እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ አልተወጣም።

የሪፖርቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። አቅራቢው ከመንጋጋው ሥዕል ሥር ይቆምና የቅዳሜ ጉዞውን ከመነሻው ይጀምራል። የጎማውን ንፋስ፣ የሰማዩን ሁኔታ፣ ዳገቱ ላይ ያደረገውን የውስጥ ትግል ያብራራል። ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሞት ለጥቂት እንዲያመልጥም ይጠበቅበታል። ሰብሳቢያችን ባለፈው ዓመት ብቻ ሃያ ሦስት ጊዜ አምልጠዋል። አንዴ ፍሬናቸው ተበጥሶ፣ በአንድ እጃቸው መሪውን፣ በሌላው የዛፍ ቅርንጫፍ ይዘው፣ አየር ላይ ሳሉ ስለ ሕይወት ትርጉም ያሰቡትን ሲያካፍሉን አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከአባላቱ አንዱ የሆነው ፋርማሲስት አለቀሰ። እኔም ሙሉውን በቃለ ጉባኤ አሰፈርኩት። በማግስቱ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን፣ ሰብሳቢያችን ያን ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ የእኔን ጥርስ ሲሞሉ ነበር የዋሉት። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር የሪፖርቱን መንፈስ አይነካም ብዬ ተውኩት።

በመካከላችን አንድ እንከን ብቻ ነበር፤ ሰዓት ሠሪው። ይህ ሰው እጅ በማታስዘረጋ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሳምንቱን ሙሉ አጎንብሶ የሚውል ነው። ተራው ሲደርስ ከሥዕሉ ሥር እንኳ አይቆምም። ካለበት ብድግ ይልና "ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ አረፍኩ፤ ወረድኩ" ብሎ ይቀመጣል።

"አደጋስ?" ይላሉ ሰብሳቢያችን በአባታዊ ትዕግሥት።

"አልገጠመኝም፣ ዶክተር።"

"ምን ተሰማህ ታዲያ?"

"ደስ አለኝ።"

"በዝርዝር ቢብራራ።"

"በጣም ደስ አለኝ።"

እንዲህ ያለ ሰው በየሳምንቱ ተራራውን እየወጣ እየወረደ የማኅበሩን ስም ምን ያህል እንደሚያጎድፍ አንባቢ ይፍረድ። የአባላት ሞራል ወረደ። አንዳንዶቹ ሰዓት ሠሪው ከተናገረ በኋላ ሲቆሙ ከሞት የሚያመልጡበት ቦታ ይጠፋባቸው ጀመር።

ይህን ልቅነት ለመግታት ፋርማሲስቱ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ መጣ። ከእንግዲህ ማንኛውም አባል ሪፖርት ሲያቀርብ ብስክሌቱን ሳያጥብ ይዞ ይቀርባል፤ ጎማው ላይ ያለው ጭቃ ተመርምሮ ደረጃ ይወጣለታል፤ ጭቃ የሌለው ሪፖርት ተቀባይነት አይኖረውም። ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ። እዚያው የጭቃ ገምጋሚ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም አባሉም ፋርማሲስቱ ሆነ። ከመድኃኒት ቤቱ ወረንጦውንና ትንሿን ሚዛን ይዞ እየመጣ፣ በጓንት ከየጎማው እየቆነጠረ ይመዝናል። ሦስተኛ ደረጃ ማለት ላይ ላዩን የተለቀለቀ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ፔዳሉን ይሸፍናል። አንደኛ ደረጃ ጭቃ ያለበት ብስክሌት፣ ብስክሌት መሆኑ የሚታወቀው ባለቤቱ ሲናገር ብቻ ነው።

በአፈጻጸም ረገድ አንዲት ችግር ነበረች። ውሳኔው ከጸደቀበት ሰሞን ጀምሮ ዝናብ ጠፋ። የአባላቱን ቆራጥነት ማድነቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሰማዩ በደረቀ ቁጥር ጭቃው ይወፍር ጀመር። ሰኞ ሰኞ በክሊኒኩ በረንዳ ላይ የሚደረደሩት ብስክሌቶች ከረግረግ የወጡ ጎሾች ይመስሉ ነበር። በሰብሳቢያችን ጎማ ላይ የጽጌረዳ ቅጠል ሲገኝ፣ ንዑስ ኮሚቴው ተራራው ላይ ጽጌረዳ እንደሚበቅል አረጋገጠ፤ ግኝቱም በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። በረንዳው ላይ የተደረደሩት የጽጌረዳ ማሰሮዎች አፈራቸው ተዝቆ ባዷቸውን ነበሩ። ሁላችንም በአጠገባቸው ያለፍን ቢሆንም ጉዳዩን ያነሳ አልነበረም።

እኔም ከሰው አላነስኩም። እሑድ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ እቆፍራለሁ፤ ባለቤቴ በጆግ ውሃ ታፈስልኛለች፤ እኔ አቦካለሁ። ከዚያ ብስክሌቱን አጋድሜ እንደ ግድግዳ እመርገዋለሁ። አንድ እሑድ ጆጉን እንዳንጠለጠለች ቆማ አየችኝ።

"አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ከምትለፋ ተራራውን ብትወጣው አይቀልህም?"

ስለ ማኅበር ሕይወት ገና ብዙ የሚቀራት ነገር እንዳለ በትሕትና አስረዳኋት። ሳቀችና ጨምራ አፈሰሰችልኝ፤ በዚያ ሳምንት አንደኛ ደረጃ አገኘሁ።

በሦስተኛው ወር ሰዓት ሠሪው ነጭ አቧራ ብቻ የለበሰ ብስክሌት እየገፋ መጣ። ፋርማሲስቱ በወረንጦው ጎማውን አንኳኳ፤ ዱቄት ቡን አለና አስነጠሰው። ስብሰባው ወዲያው ወደ ዲሲፕሊን ጉባኤ ተቀየረ።

"ጭቃው የታለ?" አለ ፋርማሲስቱ ዓይኑን እየጠረገ።

"የለም። ተራራው ደርቋል። ሦስት ወር ሙሉ ጠብ አላለም።"

ፋርማሲስቱ ጓንቱን አወለቀ።

"ስለዚህ እኛ ዋሽተናል ነው የምትለው፣ ወንድሜ?" አሉ ሰብሳቢያችን።

"ኧረ እኔ ስለ ዝናቡ ነው ያወራሁት፣ ዶክተር።"

አንድ የዋህ አባል ለምን ሄደን አናየውም የሚል ሐሳብ ቢያቀርብ፣ ሐሳቡ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ። ፋርማሲስቱ ሰዓት ሠሪው ከማኅበሩ እንዲሰናበትና ካርዱን እንዲመልስ ጠየቀ። ያን ጊዜ ሰውየው፣ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ተናግሮ የማያውቀው ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጎ ተናገረ።

"ከፈለጋችሁ ሪፖርት አላቅርብ፤ ከኋላ ልቀመጥ። ካርዴን ብቻ አትውሰዱብኝ። ያለ ካርድ ዘበኛው አያስገባኝም። ሳምንቱን ሙሉ እንደተደፋሁ ነው የምውለው፤ አንገቴን ቀና የማደርግባት ቦታ እሷ ጫፍ ብቻ ናት። ሌላ የለኝም።"

አንጀቴን በላው። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን "ተከሳሹ ስለ አንገቱ ማብራሪያ ሰጠ" ብዬ ጻፍኩ። ድምፅ ሲሰጥ እጄን አወጣሁ። ሰዓት ሠሪው ካርዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ የሰዓት መስተዋት በሚወለውልበት ጨርቅ ጠረገና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ደህና አምሹ ብሎን ወጣ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም፤ አፍሬ ነበር። ቃለ ጉባኤ ደግሞ እፍረት የሚሰፍርበት ቦታ የለውም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ወራት የማኅበራችን ወርቃማ ዘመን ናቸው። የሚያናጥብ ሰው ስለሌለ ሪፖርቶቹ ክንፍ አወጡ። ሰብሳቢያችን በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ከሞት አመለጡ። ፋርማሲስቱ ከነብር ጋር ዳገት ተሽቀዳድሞ በግማሽ ጎማ ቀደመ። እኔ እንኳ፣ በተፈጥሮዬ ቁጥብ የሆንኩት ሰው፣ በመብረቅ መካከል አልፌያለሁ።

በዚህ የከፍታ ዘመን ነበር ከደን ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ የመጣው። ቆሜ በንባብ አሰማሁ። "ባለፉት ስልሳ ቀናት የአባልነት ካርድ ይዞ በበሩ የገባ አንድም ሰው ባለመኖሩ፣ ማኅበራችሁ ተራራውን እንደማይፈልገው ተረድተናል። ስለሆነም ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በሩ ያለ ካርድ ለማንኛውም ሰው ክፍት እንዲሆን መወሰኑን እናሳውቃለን።"

የሰብሳቢያችን ፊት ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ ደረቀ። ፋርማሲስቱ ወረንጦውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አሥራ ሦስት ሰው ሌላው ምን እንደሚል ለማየት ተፋጠጠ። ደግነቱ ሰብሳቢያችን ለእንዲህ ያለው ቀን የተፈጠሩ ናቸው፤ ቀስ ብለው ከሥዕሉ ሥር ቆሙ።

"የተከበራችሁ አባላት፣" አሉ፣ "ተራራውን ለሕዝብ አስከፈትን።"

ጭብጨባው ወንበሮቹን አንቀጠቀጠ። ባለ ስድስት ነጥብ የአቋም መግለጫ አውጥተን እየተመሰጋገንን ተለያየን።

ቅዳሜ ማለዳ ግቢ ውስጥ የውሃ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብቅ ስል ባለቤቴ ሱሪዋን ጠቅልላ ብስክሌቱን በቧንቧ ውሃ ታጥባለች። የአምስት ወር አንደኛ ደረጃ ጭቃዬ ወደ ቱቦው እየፈሰሰ ነው። እንባዬ መጣ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ተራራ። በሩ ተከፍቷል አላልክም?"

"በማን ብስክሌት?"

"በሥራ ፈቱ።"

ከምሳ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። ክርኗ ተልጧል፤ ፊቷ ቀልቷል፤ ሳቋ ከአጥሩ ውጭ ይሰማ ነበር። ከተማው ግማሹ እዚያ እንደነበረ ነገረችኝ። ሰዓት ሠሪው ዘበኛው ሳይመጣ በሩ ላይ ደርሶ ሲጠብቅ ነው ያገኙት። ዳገቱን እኩሌታ ብስክሌቱን እየገፋች ወጥታለች። ዝንጀሮ ዳቦዋን ነጥቋት፣ ስታባርረው በሳቅ ሚዛኗን ስታ ሣር ላይ ወድቃለች። ጫፉ ላይ ከሰዓት ሠሪው ጋር ዝም ብለው ተቀምጠው ቆዩ። ከዚያ ሆነው የቤታችን ጣሪያና ገመድ ላይ የተሰጣው ሸሚዜ ይታይ ነበር። እየሰማኋት ልቤ በደስታ ዘለለ፤ በአምስት ዓመት የጸሐፊነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ሪፖርት ሰምቼ አላውቅም። አንዲት ቃል ሳላስቀር ጻፍኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ደግሞ ሰኞ ማታ የራሴ አድርጌ አቀረብኩት።

የብስክሌቱን መታጠብ፣ ጸሐፊ ነኝና፣ በማስጠንቀቂያ አለፉት። ሪፖርቱን ግን ማለፍ አልቻሉም። ስጨርስ ያጨበጨበ የለም።

"እየገፋህ ነው የወጣኸው?" አለ ፋርማሲስቱ።

"እኩሌታውን።"

"ከሞት ያመለጥከው የት ላይ ነው?" አሉ ሰብሳቢያችን።

"አላመለጥኩም፣ ዶክተር። ሣር ላይ ነው የወደቅኩት።"

"ጫፉ ላይስ ምን አየህ?"

"ሸሚዜን።"

ንዑስ ኮሚቴው ጥግ ይዞ ብቻውን ተመካከረና ውሳኔውን አነበበ። ተራራውን በሚገባ የምናውቅ እኛ አባላት እንዲህ ያለ ነገር እዚያ አጋጥሞን አያውቅም፤ ስለሆነም ይህ ሪፖርት ተራራውን ረግጦ የማያውቅ ሰው የፈጠረው ወሬ መሆኑ ተረጋግጧል፤ አቅራቢው ይሰናበት። ንዑስ ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ትክክለኛ ውሳኔ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ምን ብዬ ልከራከር? አሥራ ሁለት እጅ ወጣ። ሰብሳቢያችን በሙሉ ድምፅ ቢያልፍ ለማኅበሩ ክብር ነው ብለው ወደ እኔ ሲመለከቱ፣ የራሴንም አወጣሁ። ስንብቴን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ በቃለ ጉባኤ አሰፈርኩ፣ አነበብኩት፣ ተጨበጨበልኝ፣ ካርዴን አስረክቤ ወጣሁ።

እንግዲህ የቀረኝ ተራራው ብቻ ነው። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ፤ ጫማዬን አጠበቅኩ፤ ልቤ እንደ ሕፃን እየዘለለ ወደ ግቢ ወጣሁ። ብስክሌቱ የለም። ባለቤቴ ቀድማኝ ወጥታበታለች።