ቤት የሌለው በር

ነጻ የሚባል ነገር ደስ ይላል፤ አይደለም እንዴ? እኔም ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ የተማርኩት በነጻ ነው።

ጎጃም ውስጥ አምበር በምትባል ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ስመደብ፣ ከሒሳብ መምህሩ ከስንታየሁ ጋር አንድ ግቢ ተከራየን። ስንታየሁ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ጨዋታውን ስልኬ ላይ ጫነልኝና ሕግ አወጣልኝ። «ነጻ ውድድሮች አሉ፤ የምትበላው የውሸት ገንዘብ ነው። አሥር ጊዜ አሸናፊው የሚለይበት የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ሳትደርስ የኪስህን ብር እንዳትነካ» አለኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ተስማማሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጎበዝ ተማሪ ወጣኝ። መጀመሪያ ያገኘሁትን ካርታ ሁሉ ሙጭጭ አድርጌ እየያዝኩ በአምስት ደቂቃ እባረር ነበር። ቀስ በቀስ መጥፎ ካርታ መጣል ለመድኩ። ሌላው ሲቸኩል መጠበቅ ለመድኩ። የበላሁት ሰው ስሙ ስልኩ ላይ ብልጭ ይልና ይጠፋል። የየት አገር ሰው ይሁን፣ ምን ይሰማው፣ ምን አገባኝ? በዓመቱ አሥሩን ጨረስኩ።

አንድ እሑድ በጠዋት ደብረ ማርቆስ ሄድን። ከአንድ ማደሪያ ቤት ጀርባ የምር የሚጫወቱ ሰዎች እንዳሉ ስንታየሁ ሰምቶ ነበር። እሱ ቁጭ ብሎ ማየት መረጠ። እኔ ገባሁ።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ጋሽ አለኸኝ የሚባሉ የቁይ ከተማ አናጢ ናቸው። ሃምሳ ዓመት የዘለሉ፣ ጣታቸው ላይ ኮላ የደረቀባቸው፣ ቀልደኛ ሰው። «አንተ ልጅ፣ ደሞዝ አልበቃ ብሎህ ነው?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ዋሉ። አልከፋኝም። እንደ ልጃቸው ያዩኝ መስሎኝ ነበር።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሦስት ዘጠኝ ያዝኩ። ብዙ ሳልጨምር ጠበቅኩ። እሳቸው ፊታቸው ያለውን ብር ሁሉ ገፉት። ተከተልኩ። ካርታው ሲገለጥ የእሳቸው ሁለት ጥንድ ብቻ ነበር። በላኋቸው።

ስልኬ ያላስተማረኝ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው አልጠፉም። እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ካርታውን ያያሉ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ጠጋ ብሎ፣ ገንዘቡ ሰው በርና መስኮት እንዲሠሩለት የሰጣቸው ቀብድ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ጋሽ አለኸኝ ቀና አሉና፣ «መምህር፣ የመሳፈሪያ ቢሰጡኝ» አሉኝ።

«ቢሰጡኝ» ነው ያሉኝ። ቀኑን ሙሉ አንተ ሲሉኝ የዋሉ፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው፣ ገንዘባቸው ኪሴ ሲገባ አንቱ አሉኝ። መሸነፍን ዓመት ሙሉ ተለማምጄ ነበር። ማሸነፍን ለካ አልተማርኩም።

ተከትያቸው ወጣሁና ብሩን በሙሉ ዘረጋሁላቸው።

«ተጫውቼ ነው የተበላሁት» አሉ። «መሳፈሪያ አልኩ እንጂ ምጽዋት አለመንኩ።»

ጨነቀኝ። «እንግዲያው በር ይሥሩልኝ። ይሄ ቀብድ ነው» አልኩ።

«ቤት እየሠሩ ነው?»

«አዎ።»

«ወርዱ ስንት ይሁን?»

የማላውቀውን ምን ልበል? «ያው፣ ሰው የሚያስገባ ያህል» አልኩ።

«ካርታ ይዘህ እንኳ እንዲህ አልዋሸህም» አሉና ብሩን ተቀበሉ። ወደ አንተ ተመለሱልኝ። አንተ መባል እንደዚያ ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ስንታየሁ፣ «በሩን እርሳው» አለኝ። እኔም ረስቼው ነበር። ከሦስት ወር በኋላ በገበያ ቀን፣ ጋሽ አለኸኝ በሩን አይሱዙ ላይ ጭነው፣ ቤታችንን አጠያይቀው አምበር ድረስ መጡ። ከጽድ የተሠራ፣ በደንብ የተላገ፣ እጀታው ሳይቀር የተገጠመ በር ነው። ቀሪ ልክፈል ብላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። ሻይ ጠጡና፣ «ካርታውስ?» አሉኝ።

«ትቻለሁ» አልኩ።

«እኔም» አሉ። ማናችንም የያዝነውን አልገለጥንም።

በሩ ይኸው አልጋዬ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አከራያችን እትዬ ጥሩወርቅ በመጡ ቁጥር ቤቱን የት እንደምሠራ ይጠይቁኛል። ቁማር ቤት ያፈርሳል ሲባል ሰምታችኋል። የኔ ቤት ገና አልተሠራም፤ በሩ ግን ደርሷል።