ሟችን የማያውቁ ብቻ

የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክብር ማኅበር በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፦ ዕውቀት፣ አገልግሎት፣ መሪነትና መልካም ጠባይ። አንድ ተማሪ አራቱንም ማሟላቱ ሲረጋገጥ መድረክ ላይ ወጥቶ ሻማ ይለኩሳል፤ ሲመረቅም አንገቱ ላይ ወርቃማ ሪባን ይንጠለጠልለታል። ከዚያ በኋላ ስለ ጠባዩ የሚጠይቀው የለም። በኦሃዮ የበቆሎ እርሻ መካከል ለምንኖር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጇ ሪባን ያላገኘላት እናት ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪዋን የምትገፋው አንገቷን ደፍታ ነው።

የማኅበሩ አማካሪ ሚስተር ዴል ፕሩዊት ደንብ አክባሪ ሰው ናቸው። ቀደም ሲል ልጆች አያታቸውን ሐኪም ቤት አድርሰው ሲመለሱ "አገልግሎት ሰጥተናል፣ ይፈርሙልን" ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመሩ በኋላ ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፉ፦ አገልግሎት ማለት ለማያውቁት ሰው የሚደረግ ነው፤ ለሚያውቁትና ለሚወዱት የሚደረገው የግል ጉዳይ በመሆኑ አይቆጠርም። በመሆኑም አያቶች ሐኪም ቤት በእግራቸው መሄድ ጀመሩ፤ የማኅበሩም ጥራት ተጠበቀ።

በዚህ መሃል ሚስስ ኢርማ ቶበን ሞቱ። ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ፣ ለሚያንቀላፋ ተማሪ ጠመኔ የሚወረውሩና የማይስቱ ሴት ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በጂምናዚየሙ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት እንዲደረግላቸው ወሰነ። ሻማ የሚለኮስበት ቀን ስለተቃረበ አገልግሎት የጎደለው ተማሪ ሁሉ ሐዘኑን ይሻማ ጀመር። በር ከፋች፣ ወንበር አሳይ፣ ውሃ አቅራቢ፣ ሶፍት አዳይ፣ የሶፍት አዳይ ረዳት ተመደበ። መምህራኑ አስተናጋጆቹን ይቆጣጠራሉ። መኪና ማቆሚያውን እኛ ወላጆች ያዝነው፤ እኔም አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ ያልመጡ መኪኖችን ሳስተናግድ ዋልኩ። ቁጭ ብሎ ማዘን ግን እንደ አገልግሎት ስለማይታይ ለእሱ የተመዘገበ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በፊት ግን አንድ ችግር ነበር፤ ሴትዮዋ ያላስተማሩት ልጅ የለም። ሚስተር ፕሩዊት ደንቡ እንዳይጣስ እያንዳንዱን ተማሪ ኮሪደር ላይ እያስቆሙ መረመሩ።

"ብሬዲ፣ ሟችን ታውቃቸው ነበር?"

"በፍጹም።"

"ዓመቱን ሙሉ አስተምረውህ የለም እንዴ?"

"ተኝቼ ነበር፣ ሚስተር ፕሩዊት።"

"በጣም ጥሩ። በር ላይ ትቆማለህ።"

ኮሪን ሃልቨርሰን ግን አንዴ አንቀላፍታ ጠመኔ ከቀመሰች ወዲህ ተኝታ አታውቅም። ባለፈው ዓመት ጂኦግራፊ ስትወድቅ ሚስስ ቶበን ከትምህርት በኋላ እያስቀሩ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ብስኩት እያበሏት፣ ዓለምን ከዳር እስከ ዳር በካርታ አዙረዋታል። "ደደብ አይደለሽም፤ ሰነፍ ነሽ። ስንፍና ደግሞ መላ አለው" ብለዋታል። ኮሪን በሕይወቷ እንዲህ ያለ ደግ ቃል ሰምታ አታውቅም። ሞታቸውን የሰማች ቀን መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ነገር ግን እናቷ ኬክ አዝዛለች፣ አክስቶቿን ከኢንዲያና ጠርታለች፤ ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲም ነፃ ትምህርት የሚሰጣት ሪባኑን አይቶ ነው። የቀራት አገልግሎት ደግሞ ይኸው መታሰቢያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሚስተር ፕሩዊት ሲጠይቋት ወለል ወለሉን እያየች በስም ብቻ እንደምታውቃቸው ተናገረች። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ከብሬዲ ጎን መደቧት።

በዕለቱ መጀመሪያ የደረሱት የሟች ባል ሚስተር ወርነር ቶበን ነበሩ። ሽማግሌው ስለ ሚስታቸው የሚያወራላቸው ሰው ናፍቋቸው ኖሮ፣ በር ላይ ቆም ብለው ብሬዲን ጠየቁት።

"ኢርማን ታውቃት ነበር፣ ልጄ?"

ብሬዲ ከኋላቸው እስክሪብቶ ይዘው የቆሙትን ሚስተር ፕሩዊትን አየና ቀጥ ብሎ ቆመ። "በጭራሽ አላውቃቸውም፣ ሚስተር ቶበን" አለ፣ በኩራት። ወንበር አሳዩም እንደማያውቃቸው አስመዘገበ። ሶፍት አዳዩ ከወዲያ ሮጦ መጥቶ እሱ ብቻ ሳይሆን ረዳቱም ጭምር እንደማያውቃቸው አረጋገጠላቸው። ሽማግሌው አንድ ሶፍት ተቀበሉና ወደ ኮሪን ዞሩ።

"አንቺስ?"

ኮሪን ኬኩን አሰበች፤ አክስቶቿንም አሰበች። "አውቃቸዋለሁ" አለች። "ጠመኔ ወርውረውብኛል።"

"ኮሪን፣ ረጋ ብለሽ አስቢበት" አሉ ሚስተር ፕሩዊት በለሆሳስ።

"ሰነፍ ነሽም ብለውኛል።"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት። "ያቺ የብስኩቷ ልጅ አንቺ ነሽ? ባንቺ የተነሳ እኮ ራቴን በሰላም በልቼ አላውቅም፤ ስላንቺ አውርታ አትጠግብም ነበር" አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ሳያልቅም እንባቸው መጣ። ክንዷን ያዙና ይዘዋት ገቡ። በባዶ ወንበሮች መካከል ሁለቱ ብቻ ተቀመጡ። ሚስተር ፕሩዊት እያዘኑ ስሟን ሰረዙ፤ ያን ቀን በትምህርት ቤቱ ስም የታየው ሐዘን ይኸው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ "ሁላችንም በቅርብ የምናውቃቸው" ብለው ንግግራቸውን ጀመሩና፣ ከሚስተር ፕሩዊት ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጩ "በርቀት የምናከብራቸው" ብለው አረሙ።

ሁሉም ሲያበቃ ሚስተር ፕሩዊት ሽማግሌውን ስለ ዝግጅቱ አስተያየት ጠየቋቸው።

"በዕድሜዬ እንዲህ ያለ መስተንግዶ አላየሁም" አሉ ሽማግሌው። "ከእኔ ሌላ ለመጣችው ለአንዲት እንግዳ ይህ ሁሉ አስተናጋጅ!"

ሚስተር ፕሩዊት ልባቸው ተነካ። ሻማ በሚለኮስበት ምሽት ይህንኑ ምስጋና ቃል በቃል ከመድረክ አሰሙን፤ እኛም ቆመን አጨበጨብን። የመልካም ጠባይን ሻማ የለኮሰው ብሬዲ ነበር።

ኮሪን አልመጣችም። በዚያ ሰዓት ሽማግሌው ቤት ቁጭ ብላ ብስኩት እየበላች፣ የሚስስ ቶበንን ካርታዎች እየጠቀለለች ታግዛቸው ነበር። ይህም አይቆጠርላትም፤ ሰውዬውን አሁን ታውቃቸዋለችና።