አንድ ስም ለሁለት ጠላ ቤት

በስም የሚጣላ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በሰማንያዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ሁለት አግኝቻለሁ። ወይዘሮ አልማዝ «የጎንደሬዋ ጠላ» የሚል ታፔላ ሰቀሉ፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርቄም ያንኑ ስም ሰቀሉ። ሁለቱም ጎንደሬ ናቸው፤ ታዲያ ማን ይፍረድ? እኛ ደንበኞች ሽማግሌ ሆነን ተቀመጥን፤ ለፍትሕ ስንል ከሁለቱም ቤት ደጋግመን ቀመስን።

ሳንፈርድ ፋሲካ ተቃረበ፤ የወይዘሮ አልማዝ ጥንስስም ተበላሸ። ወይዘሮ ብርቄ ከራሳቸው ጋን ቀድተው መጡ።

«እርሾ ይሁንሽ፤ በዓሉ ሳይደርስ ቶሎ ጠንስሺበት» አሉ።

ወይዘሮ አልማዝ ተቀብለው ጠነሰሱ። በማግስቱ ታፔላቸውን አወረዱ።

«ስሙን ላንቺ ትቼዋለሁ» አሏቸው።

«እኔስ ብቻዬን ምን ላድርግበት?» ብለው ወይዘሮ ብርቄም የራሳቸውን አወረዱ።

በፋሲካ ማግስት አንድ እንግዳ፣ «ጠላ ቤቱ የት ነው?» ሲለኝ፣ «ሳቅ ወደሚሰማበት ሂድ» አልኩት።